ቤትን ከፎርክሎዠር የሚያድን መብት ሁሉ ቀን አለው

አሜሪካ ውስጥ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) መክፈል ያቃተው ሰው ከፎርክሎዠር፣ ማለትም ቤቱ ለዕዳው ተይዞ ከመሸጥ፣ የሚያድነው በሕግ ያለው መብት ትንሽ አይደለም። ችግሩ እያንዳንዱ መብት የራሱ ቀን ያለው መሆኑ ነው። ቀኑ ካለፈ ጎበዝ ጠበቃ መያዝ እንኳ ያንኑ መብት አይመልሰውም፤ ሌላ፣ ብዙውን ጊዜ ውድ የሆነ መንገድ መፈለግ ነው የሚተርፈው። ስለዚህ ይህን ስታነቡ ካላንደር አጠገባችሁ ይሁን። የምጽፈው ባለቤቱ ራሱ ስለሚኖርበት ቤት ነው። ለኪራይ የተገዛ ቤት ላይ ከእነዚህ ጥበቃዎች ዋና ዋናዎቹ አይሠሩም።

መጀመሪያ የምታነጋግሩት ማን እንደሆነ ይለይ። በየወሩ ቢል የሚልክላችሁ ድርጅት ሰርቪሰር ይባላል። ገንዘቡን ይሰበስባል እንጂ ብዙ ጊዜ የብድሩ ባለቤት አይደለም። ባለቤቱ የቤት ብድር ከባንኮች የሚገዙት ፋኒ ሜይ ወይም ፍሬዲ ማክ ሊሆን ይችላል፤ ብድሩ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ኤፍኤችኤ ወይም (ለወታደሮችና ለቀድሞ ወታደሮች) ቪኤ ዋስትና የሰጡት ሊሆንም ይችላል። ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው የምታገኙት መፍትሔ በእነሱ ደንብ ስለሚወሰን ነው። ለምሳሌ ኤፍኤችኤ ብድር ላይ ፓርሻል ክሌም የሚባል አለ። ውዝፉ ተለይቶ ወለድ የሌለው ሁለተኛ ዕዳ ይሆንና ቤቱ ሲሸጥ፣ ሪፋይናንስ ሲደረግ ወይም ዋናው ብድር ተከፍሎ ሲያልቅ ይከፈላል። ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ ብድሩ የእነሱ መሆን አለመሆኑን የምታጣሩበት ገጽ በየድረ ገጻቸው ላይ አላቸው። ከዚያ ካልተገኘ ሰርቪሰሩን በጽሑፍ ጠይቁት፤ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የባለቤቱን ስምና አድራሻ መንገር ግዴታው ነው።

የመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት

ሬጉሌሽን ኤክስ የሚባለው የፌዴራል ደንብ ብድሩ ከ120 ቀን በላይ እስኪዘገይ ድረስ ሰርቪሰሩ የመጀመሪያውን የፎርክሎዠር ማስታወቂያ እንዳያወጣ፣ ፍርድ ቤትም ፋይል እንዳይከፍት ይከለክላል። ቆጠራው የሚነሳው ያልተከፈለው ክፍያ መድረሻው ከነበረበት ቀን ነው። የጃንዋሪ 1 ክፍያ ከቀረና ከዚያ ወዲህ ምንም ካልተከፈለ 120ኛው ቀን ሜይ 1 ላይ ይውላል። ብዙ ሰው የ15 ቀኑን እፎይታ ይጨምርበታል፤ እፎይታው ግን የሌት ፊ (የመዘግየት ቅጣት) ጉዳይ ብቻ ነው፣ ቆጠራውን አያዘገየውም።

አንድ ነገር ደግሞ ለእናንተ ይሠራል። የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ ክፍያ ቀርቶ ማርች ላይ አንድ ሙሉ ክፍያ ብትልኩ፣ ገንዘቡ ለቆየው ወር ከተያዘ መዘግየቱ የሚቆጠረው ከፌብሩዋሪ 1 ጀምሮ ይሆናል። ቀኑ ወደፊት ይገፋል ማለት ነው። አንድ ወር ወደኋላ እንደቀረ በየወሩ ሙሉ ክፍያ የሚከፍል ሰው በዚህ አቆጣጠር 120 ቀን ላይ አይደርስም። ግማሽ ክፍያ መላክ ግን እንዲህ አይሠራም። ሰርቪሰሩ ሊመልሰው ይችላል፤ ወይም ሰስፐንስ በሚባል ሂሳብ ያቆየውና አንድ ሙሉ ክፍያ ሲሞላ ብቻ ብድሩ ላይ ያውለዋል። ወርሃዊውን ስቴትመንት ስታዩ «አንአፕላይድ» ወይም «ሰስፐንስ» በሚለው መስመር ላይ ያለውን ቁጥር አትለፉት። የከፈላችሁት ገንዘብ እዚያ ተኝቶ መዘግየት እየተቆጠረባችሁ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰርቪሰሩም ግዴታ አለበት። ክፍያው ባለፈ በ36 ቀን ውስጥ በስልክ ወይም በአካል ሊያነጋግራችሁ መሞከር፣ በ45 ቀን ውስጥ ደግሞ ያሉትን አማራጮች የሚገልጽ ደብዳቤ መላክና ጉዳያችሁን የሚከታተል ሠራተኛ መመደብ አለበት። አብዛኛው ሰው በዚህ ወቅት የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም፣ ፖስታውንም አይከፍትም። ይህ ከሁሉ ውዱ ዝምታ ነው፤ ምክንያቱም ከ120 ቀኑ በፊት የተሟላ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ማመልከቻው እስኪወሰን ፎርክሎዠሩ እንዳይጀመርበት ማድረግ ይችላል። ከዚያ በኋላ የተጀመረውን ማስቆም ነው የሚሆነው፤ በዚያ ላይ የጠበቃና የማስታወቂያ ወጪው በእናንተ ዕዳ ላይ ይደመራል።

ከ5,000 ያልበለጠ ብድር የሚያስተዳድሩና ብድሮቹም የራሳቸው የሆኑ ትናንሽ ሰርቪሰሮች ቀጥሎ ከምዘረዝራቸው ግዴታዎች ከአብዛኞቹ ነጻ ናቸው። የ120 ቀኑ ክልከላ ግን እነሱንም ይይዛል።

ማመልከቻው፦ ጉዳዩ የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው

ሎስ ሚቲጌሽን የሚባለው ማመልከቻ አንድ ሲሆን፣ ሰርቪሰሩ በእሱ መሠረት ባሉት አማራጮች ሁሉ ሊመዝናችሁ ይገባል፦ ወርሃዊ ክፍያን የሚቀንስ ሞዲፊኬሽን፣ ውዝፉን ወደ ብድሩ መጨረሻ መግፋት፣ ውዝፍን በየወሩ እየጨመሩ መክፈል፣ ከዕዳው በታች መሸጥ፣ ቤቱን በፈቃድ ማስረከብ። ሕጉ የሚጠብቃችሁ ማመልከቻው «የተሟላ» ሲሆን ነው። በዚህች አንዲት ቃል ላይ የወደቀው ቤት ብዙ ነው።

ወረቀቱን ቀረብ ብለን እንየው። ባንክ ስቴትመንት ሲጠየቅ ገጹ ሁሉ ይፈለጋል። «ገጽ 4 ከ4» የሚለው ባዶ ወይም ማስታወቂያ ብቻ ያለበት ገጽ ከቀረ ማመልከቻው ያልተሟላ ተብሎ ይመለሳል። የገቢ ማስረጃ ለተቀጣሪ የቅርብ ጊዜ ፔይስተብ ነው። ታክሲ ለሚነዳ፣ ትራክ ላለው ወይም በራሱ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ገቢና ወጪውን የሚያሳይ የተፈረመበትና ቀን ያለበት ወረቀት ይጠየቃል፤ እዚህ ላይ የተጻፈው ገቢ ባንክ ስቴትመንቱ ላይ ከገባው ገንዘብ ጋር ካልተቀራረበ ጥያቄ ይነሳል። 4506-ሲ የሚባለው ቅጽ ሰርቪሰሩ የታክስ መረጃችሁን ከአይአርኤስ እንዲወስድ የምትፈቅዱበት ነው። ከፊርማው በላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን ምልክት ካልተደረገባት ቅጹ ውድቅ ይሆናል፤ ከተፈረመ 120 ቀን ካለፈውም እንደዚያው። ቤት ውስጥ የሚኖር ዘመድ ወጪ የሚጋራ ከሆነ ወይም ቤዝመንት የተከራየ ሰው ካለ ያ ገቢ ሊቆጠርላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ባንክ መግባቱ መታየት አለበት። በእጅ የተሰጠ ኪራይ ለሰርቪሰሩ እንዳልነበረ ነው።

የችግር መግለጫ ደብዳቤውን ከአንድ ገጽ አታስበልጡት። ምን እንደደረሰ፣ መቼ እንደጀመረ፣ አሁን ተሻሽሏል ወይስ አልተሻሻለም፣ ምን ትፈልጋላችሁ፤ ይኸው በቂ ነው። ሞዲፊኬሽን የሚፈልግ ሰው «ምንም ገቢ የለኝም» ብሎ ከጻፈ ራሱ በር ዘግቷል፤ የተሻሻለውን ክፍያ መክፈል እንደሚቻል የሚያሳይ ገቢ ያስፈልጋልና። የእኛ ሰው ሌላም ጣጣ አለበት፦ ባልና ሚስት የአባት ስማቸው ስለሚለያይ፣ የስም አጻጻፍም በመታወቂያውና በብድሩ ውል ላይ ስለሚዘበራረቅ ሰነዶች ወደ ሌላ ፋይል ይገባሉ። እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የብድሩን ቁጥር ጻፉ።

ስትልኩ ማስረጃ በሚተርፍበት መንገድ ላኩ። በድረ ገጹ ከጫናችሁ የተቀበሉበትን ገጽ ፎቶ አንሱ፤ በፋክስ ከሆነ ማረጋገጫውን ያዙ፤ በፖስታ ከሆነ ሰርቲፋይድ ሜይል ይሁን። ማመልከቻው የጨረታው ቀን ከመድረሱ 45 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ከደረሰ፣ ሰርቪሰሩ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ የተሟላ መሆኑን ወይም የጎደለውን ለይቶ የሚነግር ደብዳቤ መላክ አለበት። ደብዳቤው ካልመጣ ዝም አትበሉ። የጎደለ ካለ ደግሞ የተሰጠውን ቀን ሳትጠብቁ በማግስቱ ላኩ፤ ሰነድ ያረጃልና። አንዱን ወረቀት ስትፈልጉ ሌላው ጊዜው ያልፍበትና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ብዙ ሰው «በየወሩ አዲስ ወረቀት ይጠይቁኛል» ብሎ የሚያማርረው ሁልጊዜ ተንኮል ተሠርቶበት አይደለም፤ ፔይስተቡ አርጅቶ ነው። ሁሉንም ባንድ ቀን መላክ ይህን ያስቀራል።

ሠላሳ ሰባቱ ቀናት

የተሟላ ማመልከቻ ከጨረታው ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከደረሰ ሁለት ነገር ይሆናል። ሰርቪሰሩ በ30 ቀን ውስጥ መዝኖ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። በዚህ መካከል ፍርድ መጠየቅም፣ ቤቱን መሸጥም አይችልም። ዱዋል ትራኪንግ የሚባለው፣ በአንድ እጅ ማመልከቻ እየተቀበሉ በሌላው ጨረታ መጥራት፣ የተከለከለው በዚህ ነው።

አሁን ሒሳቡን አስተውሉት። ቴክሳስ ውስጥ የጨረታ ማስታወቂያ ሊላክ የሚችለው ከጨረታው 21 ቀን ብቻ ቀድሞ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ 20 ቀን ነው። ማለትም የጨረታ ቀን የያዘው ደብዳቤ ቤታችሁ ሲደርስ የ37 ቀኑ መስመር አስቀድሞ አልፎ ሊሆን ይችላል። «ማስታወቂያው ሲመጣ አመለክታለሁ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው የፌዴራሉን ዋና ጥበቃ ሳያየው ያጣዋል። በተቃራኒው የጨረታ ቀን ገና ሳይቆረጥ የገባ ማመልከቻ ከ90 ቀን በላይ ቀድሞ እንደገባ ይቆጠራል። ይህ ደግሞ ሰፊውን መብት ሁሉ ይዞ ይመጣል፦ የቀረበላችሁን ለመቀበል ቢያንስ 14 ቀን ይሰጣችኋል፤ ሞዲፊኬሽን ከተከለከላችሁ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። ይግባኙን የሚያየው መጀመሪያ ያልወሰነ ሌላ ሠራተኛ ነው፤ መልሱም በ30 ቀን ይሰጣል። ማመልከቻው ከ90 ቀን በታች ሆኖ ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከገባ ግን የመቀበያው ጊዜ ወደ 7 ቀን ሊያጥር ይችላል፤ ይግባኙም ይቀራል።

የክልከላ ደብዳቤው የተለየ ምክንያት መያዝ አለበት። «መስፈርቱን አላሟሉም» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ምክንያቱ የገቢና የቤት ዋጋ ስሌት ከሆነ የተጠቀሙበትን ቁጥር መግለጽ ይገባቸዋል። ገቢያችሁን ዝቅ አድርገው ወይም የአንድ ወር ትርፍ ሰዓትን እንደ ቋሚ ቆጥረው የጻፉበት ጊዜ አለ። ይግባኙ ላይ «እባካችሁ እንደገና እዩልኝ» ከማለት ያቺን የተሳሳተች ቁጥር ነቅሶ ማስረጃዋን ማያያዝ ይሻላል።

በአንድ የውዝፍ ዘመን ይህ ሙሉ ምዘና የሚገባችሁ አንዴ ነው። ውዝፉን ከፍላችሁ ብድሩን ካስተካከላችሁ በኋላ እንደገና ብትዘገዩ መብቱ ይታደሳል። በችኮላ የተሞላ የመጀመሪያ ማመልከቻ ስለዚህ ብዙ ያስከፍላል። መስመሩ ያለፈበት ሰውም ከማመልከት አይቦዝን። አንዳንድ ክፍለ ግዛት የራሱ የተሻለ ሕግ አለው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሟላ ማመልከቻ ከጨረታው ቢያንስ 5 የሥራ ቀን ቀድሞ ከገባ ውሳኔ ሳይሰጥ ጨረታው አይካሄድም።

ሰርቪሰሩ ሲሳሳት

ክፍያ ሳይመዘግብ ሲቀር፣ የማይገባ ወጪ ሲደምር ወይም የቤት ኢንሹራንስ እያላችሁ በራሱ ገዝቶ ሲያስከፍላችሁ ስልክ መደወል ልብ ያቀልል ይሆናል እንጂ ግዴታ አያስነሳም። ግዴታ የሚያስነሳው ኖቲስ ኦፍ ኤረር የሚባለው ደብዳቤ ነው። ስማችሁን፣ የብድሩን ቁጥርና ስህተት ያላችሁትን ነገር መያዝ አለበት፤ ልዩ ቅጽ አይፈልግም። በ5 የሥራ ቀን መድረሱን ማሳወቅ፣ በ30 የሥራ ቀን መርምሮ መመለስ አለባቸው፤ ለዚህም ገንዘብ መጠየቅ አይችሉም። ፎርክሎዠሩ ደንቡን ጥሶ መጀመሩን የሚመለከት ከሆነ መልሱ ከጨረታው በፊት ሊሰጥ ይገባል።

ወጥመዱ አድራሻው ላይ ነው። ሰርቪሰሮች ለእንዲህ ያለ ደብዳቤ የተለየ አድራሻ እንዲያወጡ ተፈቅዶላቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ ስቴትመንቱ ጀርባ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ክፍያ ወደሚላክበት ሣጥን ከተላከ ወይም ከክፍያው ጋር ባለው ኩፖን ላይ ከተጻፈ እንደ ሕጋዊ ማስታወቂያ አይቆጠርም። በትክክል ተልኮ ካልተመለሰ ግን ለደረሰው ጉዳት ካሳና የጠበቃ ወጪ መጠየቅ ይቻላል። ሰርቪሰሩ ይህን የማድረግ ልማድ እንዳለው ከተረጋገጠ ደግሞ ፍርድ ቤት እስከ 2,000 ዶላር ሊጨምር ይችላል።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ፣ ሰርቪሰሩ በራሱ ለገዛው ከማስከፈሉ ቢያንስ 45 ቀን ቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ ከዚያም ማስታወሻ መላክ አለበት። ኢንሹራንስ እንደነበራችሁ ካሳያችሁ በ15 ቀን ውስጥ የራሱን ሰርዞ ለተደረበው ጊዜ ያስከፈለውን ይመልሳል። ብድሩ ወደ ሌላ ሰርቪሰር ሲተላለፍም በመካከሉ ክፍያ ሊጠፋ ይችላል። በስህተት ለቀድሞው በጊዜው የከፈለ ሰው ለ60 ቀን ያህል እንደዘገየ ተቆጥሮ አይቀጣም።

ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት

ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ፍሎሪዳ፣ ኢሊኖይና ኦሃዮን በመሰሉ ቦታዎች ፎርክሎዠር በፍርድ ቤት ክስ ነው የሚሄደው። ክሱ ሲደርሳችሁ መልስ የማስገቢያው ቀን ይጀምራል፤ ፍሎሪዳ ውስጥ 20 ቀን ነው። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚሠራው ስህተት ከሰርቪሰሩ ጋር በስልክ እየተነጋገሩ ስለሆነ ለክሱ የተመለሰ መምሰሉ ነው። አልተመለሰም። መልሱ የሚገባው ለፍርድ ቤቱ ነው፤ ካልገባ በሌላችሁበት ይፈረዳል። ኒው ዮርክ ውስጥ ክሱ ከመከፈቱ 90 ቀን ቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይላካል፤ ከተከፈተም በኋላ ሁለቱ ወገኖች በፍርድ ቤት የሚገናኙበት የድርድር ቀጠሮ አለ። ፍርድ ቤት የምትቀርቡ ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጅን ለማስተርጎም ይዞ መሄድ ለልጁም ለጉዳዩም አይበጅም።

ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ ቨርጂኒያ፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ዳኛ የለም። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ቀኑ ሲደርስ ይሸጣል። ቴክሳስና ጆርጂያ ጨረታውን የሚያካሂዱት በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ነው። ቴክሳስ ከዚያ በፊት ለመኖሪያ ቤት ቢያንስ 20 ቀን የማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የዲፎልት (ክፍያ የመቅረት) ማስታወቂያው ከተመዘገበ በኋላ ሦስት ወር ማለፍ አለበት። በእነዚህ ቦታዎች ጨረታውን ለማስቆም የሚፈልግ ሰው ራሱ ከሳሽ ሆኖ እግድ መጠየቅ አለበትና ጠበቃ ቀደም ብሎ መፈለግ ያሻል። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ሜሪላንድ መካከል ላይ ናት። ፋይል ከመከፈቱ 45 ቀን ቀድሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይመጣል። በኋላም በ50 ዶላር የሽምግልና ስብሰባ መጠየቅ ይቻላል፤ መጠየቂያው 25 ቀን ስለሆነ ቅጹ የመጣበትን ፖስታ ጠረጴዛ ላይ እንዳታቆዩት።

በየትኛውም ክፍለ ግዛት ብትሆኑ የራሳችሁን የብድር ውል አውጡ። በፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ ቅጽ ላይ ሰርቪሰሩ ሙሉውን ዕዳ ከመጠየቁ በፊት የ30 ቀን የማስተካከያ ደብዳቤ መላክ አለበት፤ በአሮጌው ቅጽ አንቀጽ 22፣ በ2021 በወጣው ደግሞ አንቀጽ 26 ነው። ደብዳቤው ምን እንደተጓደለ፣ እንዴት እንደሚስተካከል፣ እስከ መቼ እንደሆነና ፍርድ ቤት የመሄድ መብት እንዳላችሁ መናገር ይገባዋል። የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2015 ፒንቲ በተባለው ጉዳይ፣ ደብዳቤው የባለቤቶቹን ክስ የመመሥረት መብት በትክክል አልገለጸም ብሎ ሽያጩን ከነጭራሹ አፍርሶታል። ሌሎች ክፍለ ግዛቶች ይህን ያህል ጥብቅ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ግን ጠበቃ መጀመሪያ የሚያየው ወረቀት ይህ ነው፣ አትጣሉት።

ውዝፉን ከፍሎ መመለስ

ገንዘብ ከዕቁብም ከዘመድም ለተገኘለት ሰው አጭሩ መንገድ ሪኢንስቴትመንት ነው፤ ውዝፉንና ወጪውን ብቻ ከፍሎ ብድሩን ወደነበረበት መመለስ። መጨረሻው ቀን ይለያያል። ካሊፎርኒያ ከጨረታው 5 የሥራ ቀን በፊት፣ ዋሽንግተን ከጨረታው በፊት ካለው 11ኛው ቀን ቀድሞ፣ ሜሪላንድ እስከ አንድ የሥራ ቀን ሲቀረው፣ ኢሊኖይ ደግሞ ክሱ ከደረሰ 90 ቀን ድረስ። መጠኑን በጽሑፍ ጠይቁ። የምትጠይቁት የሪኢንስቴትመንት ቁጥር እንጂ ፔይኦፍ አይሁን፤ ፔይኦፍ ብድሩን በሙሉ መዝጊያው ነው። ወረቀቱ እስከ ስንት ቀን እንደሚያገለግል ይጻፍበታል፤ ያ ቀን ካለፈ ወይም 10 ዶላር እንኳ ከጎደለ ይመልሱታል። የግል ቼክ አይቀበሉም፤ ዋየር ወይም ካሺርስ ቼክ ነው። የተዘረዘሩትን ወጪዎችም ተመልከቱ። ሰው እየኖረበት ያለ ቤት በየወሩ «ኢንስፔክሽን» ተደርጎ የተከፈለበት ከሆነ ክፈሉና በኖቲስ ኦፍ ኤረር ተከራከሩ። ቤቱን አደጋ ላይ ጥሎ በ20 ዶላር መሟገት አያዋጣም።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ቻፕተር 13 የሚባለው የባንክረፕሲ (የኪሳራ) መንገድ አለ። የባንክረፕሲ ፋይሉ በተከፈተበት ቅጽበት ጨረታው ይቆማል፤ ውዝፉ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተከፋፍሎ ይከፈላል፣ መደበኛው ክፍያ ግን በየወሩ መቀጠል አለበት። ፋይሉ ጨረታው ከመዘጋቱ በፊት መግባት አለበት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የክሬዲት ምክር ኮርስ ተወስዶ ማረጋገጫው መያዝ አለበት። ጠዋት ጨረታ እያለ ማታ ኮርሱን ያልወሰደ ሰው ፋይሉ ውድቅ ይሆንበታል። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ፋይል ከተዘጋበት ሁለተኛው የሚያቆመው ለ30 ቀን ነው፤ ሦስተኛው በራሱ ምንም አያቆምም።

ውል ላይ ስማችሁ ባይኖርም

ባለቤቱ ሲሞት ቤቱን የወረሰ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ፣ በፍቺም ቤቱ የደረሰው ሰው ብድሩን ባይፈርምም ሰርቪሰሩ ሊያነጋግረው ይገባል። የ1982ቱ ጋርን-ሴንት ጀርሜይን ሕግ ቤቱ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ስለተላለፈ ብቻ «ሙሉውን ዕዳ አሁን ክፈል» ማለትን ይከለክላል። ማንነታችሁን የሚያስረዳ ሰነድ፣ የሞት ወረቀት ወይም የፍቺ ፍርድ፣ ላኩና «ሰክሰሰር ኢን ኢንተረስት» (የቤቱ ተተኪ ባለቤት) ሆናችሁ እንድትመዘገቡ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ተበዳሪ ሞዲፊኬሽን ማመልከት ትችላላችሁ። ወታደር ከሆናችሁና ብድሩ ከአገልግሎቱ በፊት የተወሰደ ከሆነ፣ በአገልግሎት ላይ ሳላችሁና ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤቱ አይሸጥም።

ፎርክሎዠር የሕዝብ መዝገብ ስለሆነ ስማችሁ እንደወጣ ስልኩ ይጮኻል። የፌዴራል ደንብ ግልጽ ነው፤ ሞርጌጅ አስተካክላለሁ የሚል ድርጅት ከአበዳሪው የተጻፈ ስምምነት አምጥቶ እናንተ ሳትቀበሉት አንድ ሳንቲም መጠየቅ አይችልም። «ከባንኩ ጋር አትነጋገሩ» ማለትም ክልክል ነው። ከሁሉ የከፋው «ስሙን ለጊዜው ወደ እኔ አዙሩት፣ በኋላ ትገዙታላችሁ» የሚለው ነው፤ ቤቱ ይሄዳል፣ ዕዳው በእናንተ ስም ይቀራል። በኋላ ትገዙታላችሁ ያለው የእኛ ሰው ቢሆንም ያው ነው። የፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር (ሀድ) ያጸደቃቸው አማካሪዎች ይህን ሥራ በነጻ ይሠራሉ፤ በ800-569-4287 ይገኛሉ።

ከጨረታው በኋላ

መዶሻው ወረደ ማለት በዚያው ቀን ትወጣላችሁ ማለት አይደለም። ገዢው በገዛ እጁ ቁልፍ መቀየር አይችልም፤ በሕግ ማስለቀቅ አለበት። ቤዝመንት ውስጥ የተከራየ ሰውም በራሱ የፌዴራል መብት አለው፤ ቢያንስ 90 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ሚኒሶታና ሚሺጋን ውስጥ በአብዛኛው ስድስት ወር ያህል ቤቱን በተሸጠበት ዋጋና በወጪው መልሶ የመግዛት ጊዜ አለ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ይህ የለም።

ቤቱ ከዕዳው በታች ከተሸጠ የቀረውን ሊጠይቋችሁ የሚችሉባቸው ክፍለ ግዛቶች አሉ። ካሊፎርኒያ ያለ ፍርድ ቤት ከተሸጠ በኋላ አይፈቅድም፤ ቴክሳስ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ከቀረበ ይፈቅዳል፣ የቤቱን ትክክለኛ የገበያ ዋጋ ግን እንዲያቀናንሱላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ዕዳው ከተሰረዘላችሁም የተሰረዘው ዕዳ እንደ ገቢ ለአይአርኤስ የሚገለጽበት 1099-ሲ የሚባል ቅጽ ሊመጣ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ዕዳችሁ ከንብረታችሁ ይበልጥ ከነበረ ቅጽ 982ን ሞልታችሁ ታክሱን ማስቀረት የሚቻልበት መንገድ ስላለ ለሒሳብ ሠራተኛችሁ አሳዩት።

ቤቱ ከዕዳው በላይ ከተሸጠ ደግሞ ሁለተኛ ሞርጌጅና ሌላ ዕዳ ከተከፈለ በኋላ የተረፈው የእናንተ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 በታይለር ጉዳይ ይህንኑ መርህ በታክስ ዕዳ ለተሸጠ ቤት በሙሉ ድምፅ አጽንቶታል። የሚኒሶታው ሄኔፒን ካውንቲ የ15,000 ዶላር ዕዳ የነበረበትን ኮንዶሚኒየም በ40,000 ሸጦ ትርፉን 25,000 ይዞ ቀርቶ ነበር። በሞርጌጅ ጨረታ የተረፈ ገንዘብ እንደ ቦታው ጨረታውን ባካሄደው ትረስቲ ወይም በፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጣል፤ ቼኩ ግን አድራሻ ላልተወ ሰው አይደርስም። ስለዚህ ከቤቱ ስትወጡ አዲሱን አድራሻ ለፖስታ ቤቱም፣ ጨረታውን ላካሄደው ጽሕፈት ቤትም በጽሑፍ ስጡ፤ በአንድ ወር ውስጥ ደውላችሁ «ትርፍ ገንዘብ አለ ወይ» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በፊት «ገንዘብ አለልህ፣ ሲሶውን ክፈለኝና ላውጣልህ» የሚል ሰው ከደወለ አትፈርሙ፤ የመጠየቂያው ቅጽ ብዙ ቦታ አንድ ሁለት ገጽ ነው፣ ራሳችሁ ልትሞሉት ትችላላችሁ።